የኢየሱስ ስም ትርጉምና በጸጋ መዳን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኢየሱስ ስምና ስለ ጸጋ የሚነሱት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ያው ናቸው። አዲስ አማኝ ይጠይቃቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገም ሰው አፍ አውጥቶ ባይጠይቃቸውም በሆዱ ይዟቸው ይዞራል። ሁለቱን ርዕሶች እዚህ አንድ ላይ ያመጣኋቸው ስለሚያያዙ ነው። ስሙ ማን እንደሚያድን ይናገራል፣ ጸጋ ደግሞ እንዴት እንደሚያድን። ስሙን በደንብ የሰማ ሰው ስለ ጸጋ የሚነገረው ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ ከመጀመሪያው ስሙ ውስጥ ነበርና።

"ኢየሱስ" የሚለው ስም ትርጉሙ ምንድን ነው?

"እግዚአብሔር ያድናል" ማለት ነው። በዕብራይስጥ ረጅሙ አጠራር "የሆሹዓ" ነው፤ በኋላ ዘመን አሳጥረው "የሹዓ" ይሉት ጀመር። በግሪክ "ኢየሱስ" ተባለ፣ እኛም ጋ የደረሰው በዚሁ አጠራር ነው። ከሙሴ ቀጥሎ ሕዝቡን የመራው የነዌ ልጅ ኢያሱ ስሙ ይኸው ስም ነው።

ኢያሱ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውላት የሚያልፋት አንዲት ነገር አለች። ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 ላይ ሰውየው በፊት "አውሴ" ይባል ነበር። "ማዳን" እንደ ማለት ነው። ምድሪቱን እንዲሰልሉ ከተላኩት 12 ሰዎች አንዱ ነው፤ ሙሴ ታዲያ ስሙን ለውጦ ኢያሱ አለው። ማዳን በሚለው ስም ላይ የእግዚአብሔርን ስም ጨመረበት ማለት ነው። ማዳን ብቻውን ሲቆም ማን ያድናል የሚለው ክፍት ይሆናል፤ ጀግናም ሊሆን ይችላል፣ ሠራዊትም፣ የራስ ጥረትም። ስሙ ሲለወጥ ግን አዳኙ ታወቀ። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ታች እንፈልጋታለን።

ስሙን ማን አወጣለት?

ወላጆቹ ተመካክረው ያወጡት ስም አይደለም። በሉቃስ ወንጌል መልአኩ ገብርኤል ለማርያም ተናገረ፤ በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ መልአክ ለዮሴፍ በሕልም ነገረው። ሉቃስ 2፥21 ላይ እንደተጻፈው በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ይኸው ስም ወጣለት። ለዮሴፍ የተነገረው ምክንያቱንም ጨምሮ ነው፦ "ልጅም ትወልዳለች፤ እርሱ ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋልና ስሙን ኢየሱስ ትለዋለህ።"

"ከኃጢአታቸው" የምትለው ቃል ላይ ቆም በሉ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በሮም አገዛዝ ሥር ነው። አዳኝ ይመጣል ሲባል ብዙዎች የሚጠብቁት ያንን ቀንበር የሚሰብር ንጉሥ ነበር። መልአኩ ግን ስለ ሮም አንድም ቃል አልተናገረም። የጠራው ከሮም ይልቅ ወደ እነሱ የሚቀርበውን፣ ውስጣቸው ያለውን ነገር ነው።

በዘመኑ በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ነበር?

ሞልቶ። በአንደኛው ክፍለ ዘመን አይሁድ ዘንድ በጣም የተለመደ ስም ነበር። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ በዚህ ስም የሚጠሩ ብዙ ሰዎችን ያነሳል። አዲስ ኪዳን ውስጥም ከጳውሎስ ጋር የሚያገለግል ኢዮስጦስ የተባለ ኢያሱ አለ (ቆላስይስ 4፥11)፤ የሐዋርያት ሥራ 13 ላይ ደግሞ በርያሱስ የሚባል ጠንቋይ አለ፣ "የኢየሱስ ልጅ" ማለት ነው። "የናዝሬቱ ኢየሱስ" እየተባለ ከነአገሩ የሚጠራውም ከሌሎቹ እንዲለይ ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው ግን የበርባን ነገር ነው። በአንዳንድ ጥንታዊ የማቴዎስ ወንጌል ቅጂዎች ምዕራፍ 27 ላይ የበርባን ሙሉ ስም "ኢየሱስ በርባን" ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ንባብ መሠረት ሮማዊው ገዢ ጲላጦስ የሚፈታውን እንዲመርጡ ሕዝቡ ፊት ያቆመው አንድ ስም ያላቸውን ሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው በዓመፅና በነፍስ ግድያ የታሰረ ነው። ሁለተኛው ምንም አላደረገም። ጥፋተኛው ተፈታና ንጹሑ ተሰቀለ። በርባን በዚያ ቀን ለመፈታት ያደረገው አንድም ነገር የለም።

"ክርስቶስ" የአባቱ ስም ነው?

አይደለም፣ ማዕረግ ነው። በዕብራይስጥ "መሲሕ" የሚሉት ነው፤ ሁለቱም "የተቀባ" ማለት ናቸው። በብሉይ ኪዳን ዘይት የሚቀቡት ነገሥታትና ካህናት ነበሩ፣ ነቢዩ ኤልሳዕም እንዲቀባ ታዟል። ክርስቲያኖች ኢየሱስ ሦስቱንም ሆኖ መጣ ብለው ያምናሉ፦ ይናገራል፣ ይማልዳል፣ ይነግሣል። ስለዚህ "ኢየሱስ ክርስቶስ" ያለ ሰው፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ የእምነት መግለጫ ተናግሯል። የሚያድነው የተቀባው እሱ ነው እያለ ነው።

"አማኑኤል ይባላል" ተብሎ ነበር፣ ታዲያ ለምን ኢየሱስ ተባለ?

ማቴዎስ ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ፣ በሁለት ቁጥር ልዩነት ነው የጻፋቸው። ቢጋጩበት ኖሮ እንዲህ ጎን ለጎን አያስቀምጣቸውም ነበር። ኢየሱስ የሚጠራበት ስሙ ነው፤ አማኑኤል፣ "እግዚአብሔር ከእኛ ጋር"፣ ማንነቱን የሚገልጽ ነው። እግዚአብሔር ሩቅ ሆኖ ሰው ልኮ አላዳነም፤ ራሱ መጥቶ ነው።

"የሹዓ" ብለን ካልጠራነው ጸሎታችን አይሰማም የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

አይደለም፣ በዚህ ማንም እንቅልፍ አይጣ። አዲስ ኪዳን የተጻፈው በግሪክ ነው። ሐዋርያቱ ራሳቸው ስሙን የጻፉት በግሪክ አጠራር ነው። ከዚያ በፊትም ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የመለሱት አይሁድ የነዌን ልጅ ኢያሱን በዚሁ የግሪክ ስም ጠርተውታል።

ሌላም አለ። ዮሐንስ 19 ላይ ጲላጦስ በመስቀሉ ላይ ያስለጠፈው ጽሑፍ በሦስት ቋንቋ ነበር፦ በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ። ስሙ ገና መስቀሉ ላይ እያለ በሦስት ቋንቋ ተነቧል። በዕብራይስጥ መጥራት የፈለገ ይጥራ፣ ምንም ክፋት የለውም። በገዛ ቋንቋው የሚጸልየውን ወንድሙን ግን አያስጨንቅ።

"በኢየሱስ ስም" ብሎ መጸለይ ምን ማለት ነው? ስሙን መጥራት ብቻውን ይሠራል?

በስሙ መጸለይ ማለት በእሱ ተማምኖ፣ በእሱ በኩል፣ እሱ እንደሚወደው አድርጎ መቅረብ ነው። በራሴ ጽድቅ ፊትህ አልቆምም ማለት ነው። ስለዚህ ጸሎቱ መጨረሻ ላይ የምትለጠፍ ማኅተም አድርገን ከያዝናት ነገሩ አመለጠን።

የሐዋርያት ሥራ 19 ይህንን በደንብ ያሳያል። የአስቄዋ ሰባት ልጆች ኤፌሶን ውስጥ ክፉ መንፈስ ባለበት ሰው ላይ "ጳውሎስ በሚሰብከው በኢየሱስ" እያሉ ስሙን ጠሩ። መንፈሱ የመለሰላቸው "ኢየሱስን አውቀዋለሁ ጳውሎስንም አውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ?" ብሎ ነው። ሰውየው ተነሥቶባቸው ቆስለው፣ ራቁታቸውን ከቤቱ ሸሹ። ስሙን በትክክል ነው የጠሩት። የጎደለው ከባለ ስሙ ጋር መተዋወቁ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ "እንድንበት ዘንድ የሚገባን ለሰዎች የተሰጠ ስም ከሰማይ በታች ሌላ የለምና" ሲል (ሥራ 4፥12) ስለዚህ ባለ ስም፣ ስለተሰቀለውና ስለተነሣው፣ እየተናገረ ነበር።

መዳን ስንል ከምን ነው የምንድነው?

አጭሩ መልስ ከኃጢአትና ከሞት ነው። ግን ኃጢአት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የጥፋት ዝርዝር ብቻ ነው፦ ዋሸሁ፣ ሰረቅሁ፣ አማሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ከዚያ ጠልቆ ይሄዳል። ከእግዚአብሔር መራቅ ነው፣ የሚገዛ ኃይል ነው፣ ሰው "ይህንን ሁለተኛ አላደርግም" ብሎ ምሎ ተገዝቶ ማግስቱን ተመልሶ የሚያደርግበት ምክንያት ነው። ጳውሎስ ሮሜ 7 ላይ የሚወደውን በጎ ነገር እንደማያደርግ፣ የማይወደውን ክፉ ነገር ግን እንደሚያደርግ ሲጽፍ ራሱን ያላየበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ መዳን ሦስት ነገር ይነካል። የበደሉ ዕዳ ይሰረዛል። የኃጢአት ግዛት ይሰበራል። በመጨረሻም ሞት ራሱ በትንሣኤ ይሸነፋል። አዲስ ኪዳን "ድናችኋል"ም ይላል፣ "እየዳን"ም ይላል፣ "እንድናለን"ም ይላል። ከሦስቱ አንዷን ብቻ ይዞ መከራከር አያዋጣም።

ጸጋ ምንድን ነው?

እግዚአብሔር ለማይገባው ሰው በነፃ የሚሰጠው በጎነቱ ነው። ኤፌሶን 2፥8-9 እንዲህ ይላል፦ "ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም።"

ትርጉሙን ማወቅ ቀላል ነው፣ ማመኑ ነው የሚከብደው። ለእኔ ጸጋን ከሁሉም አብልጦ የሚያሳየኝ ትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 3 ነው። ዘመኑ ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰበት ነው። ታላቁ ካህን በእግዚአብሔር መልአክ ፊት ቆሟል። ስሙ ኢያሱ ነው፣ አዎ፣ ያው ስም። የለበሰው እድፋም ልብስ ነው። የሕዝቡን ኃጢአት ሊያስተሰርይ የሚገባው ሰው ራሱ ቆሽሿል። በስተ ቀኙ ሰይጣን ሊከስሰው ቆሟል፣ ክሱም ውሸት ነው ለማለት አይቻልም፤ እድፉ በዓይን ይታያል።

ካህኑ በምዕራፉ ውስጥ አንድም ቃል አይናገርም። አይከራከርም፣ ልብሱን ላጥብ ብሎም ጊዜ አይጠይቅም። እግዚአብሔር ግን ከሳሹን ገሠጸና "ይህ ከእሳት የተነጠቀ ትንታግ አይደለምን?" አለ። እድፋሙን ልብስ አውልቁለት ተባለ። ጥሩ ልብስ አለበሱት፣ በራሱ ላይም ንጹሕ ጥምጥም አደረጉለት። ከዚያ በኋላ፣ ልብ በሉ ከዚያ በኋላ ነው፣ "በመንገዴ ብትሄድ" የሚለው ትእዛዝ የመጣው። መጀመሪያ አለበሰው፣ ቀጥሎ ሂድ አለው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነው "መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ ወደ እግዚአብሔር እሄዳለሁ" እንላለን። በዚህ መንገድ ስንቱ ሰው ዕድሜውን በደጅ ጨረሰ።

እግዚአብሔር መሐሪ ከሆነ ዝም ብሎ ይቅር ማለት አይችልም ነበር? መስቀሉ ለምን አስፈለገ?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በአንድ አረፍተ ነገር አያልቅም። ይቅርታ ዋጋ አለው፣ የሚከፍለው ደግሞ ይቅር ባዩ ነው። ያበደርከውን ብር ትቼልሃለሁ ስትል ብሩ ከየትም አይመጣም፤ ጉድለቱን አንተ ዋጥከው ማለት ነው። የሰው በደል ደግሞ ከብር የከበደ ነው፤ የተገደለ አለ፣ የተደፈረ አለ፣ የተዘረፈ አለ። እግዚአብሔር ይህንን ሁሉ "ምንም አይደል" ቢል ለተበደለው ምን ፍርድ አለው? መስቀሉ ኃጢአት ቀላል እንዳልሆነና ፍቅሩም እንዳላነሰ በአንድ ላይ ያሳየበት ቦታ ነው።

አዲስ ኪዳን ይህንን በብዙ መልክ ይገልጸዋል። ማርቆስ 10፥45 ላይ ኢየሱስ ነፍሱን "ለብዙዎች ቤዛ" ሊሰጥ እንደመጣ ይናገራል። ቆላስይስ 2፥15 ላይ በጨለማ ኃይላት ላይ የተገኘ ድል ነው። ሮሜ 3 ላይ የእግዚአብሔር ጽድቅ የታየበት ማስተስረያ ነው። ሁሉም ያስፈልጉናል። አንድ ነገር ግን መጥራት አለበት። ተቆጥቶ ሌላ ሰው ላይ ቁጣውን የተወጣ አምላክ እንዳለ አድርገው የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ወንጌሉ እንዲህ አይልም። "እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ ነበር" ነው የሚለው። ዋጋውን የከፈለው ራሱ ነው። "እግዚአብሔር ያድናል" የሚለው ስም እዚህ ጋ ክብደቱ ይታያል።

መልካም ሥራስ? ያዕቆብ "እምነት ከሥራ የተለየ የሞተ ነው" ይላል እኮ።

ይላል፣ ትክክልም ነው። ጳውሎስና ያዕቆብ ሁለቱም አብርሃምን ምሳሌ ያደርጋሉ፣ ግን ከሕይወቱ የሚያነሱት የተለያየ ቀን ነው። ጳውሎስ የሚያነሳው ዘፍጥረት 15ን ነው፤ አብርሃም በሰማይ ከዋክብት ሥር ቆሞ የተነገረውን ተስፋ አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ያዕቆብ የሚያነሳው ዘፍጥረት 22ን ነው፤ ይስሐቅን በመሠዊያው ላይ ያቀረበበትን። አሁን ዕድሜውን አስሉት። ዘፍጥረት 15 እስማኤል ከመወለዱ በፊት ነው፤ እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር፣ ይስሐቅ ሲወለድ ደግሞ 100። ይስሐቅ አድጎ እንጨት ተሸክሞ ተራራ እስኪወጣ ሌላ ብዙ ዓመት አለ። ስለዚህ ሥራው የመጣው ጽድቅ ከተቆጠረለት ከዓመታት በኋላ ነው። መምጣቱ ግን አልቀረም።

ያዕቆብ የሚከራከረው በአፉ ብቻ አምናለሁ ከሚል ሰው ጋር ነው፤ አጋንንትም ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል ይላል። ጳውሎስ የሚከራከረው በሥራዬ እድናለሁ ከሚል ሰው ጋር ነው። ጳውሎስ ራሱ ኤፌሶን 2 ላይ "ከሥራ አይደለም" ካለ በኋላ በሚቀጥለው ቁጥር መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን ይላል። ቁጥር 9 ላይ የሚያቆም ሰው ቁጥር 10ንም ያንብብ።

በጸጋ ከሆነ የምድነው እንደፈለግሁ ብኖር ምን ችግር አለው?

ጳውሎስ ይህንን ጥያቄ ሮሜ 6 ላይ ራሱ አንስቶታል፤ ያኔም ይጠየቅ ነበር ማለት ነው። መልሱ "አይደለም። ለኃጢአት የሞትን እኛ ወደ ፊት እንዴት አድርገን በእርሱ እንኖራለን?" ነው። የዳንከው ከኃጢአት ነው፣ ታዲያ ወደ እሱ ተመልሰህ ምን ልታደርግ?

ጸጋ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ማየት የፈለገ የዘኬዎስን ታሪክ ያንብብ፣ ሉቃስ 19። የቀራጮች አለቃ ነው፣ ኢያሪኮ ውስጥ የሚጠላ ባለጠጋ። ቁመቱ አጭር ስለነበረ ሾላ ዛፍ ላይ ወጣ። ኢየሱስ ቀና ብሎ በስሙ ጠራውና ዛሬ ቤትህ እውላለሁ አለው። የሰረቅኸውን መጀመሪያ መልስ አላለውም፣ ሕዝቡ ያጉረመረመውም በዚህ ነው። ዘኬዎስ ግን ቆሞ፦ የንብረቴን እኩሌታ ለድሆች፣ በሐሰት የከሰስኩት ቢኖር አራት እጥፍ አለ። ዘኍልቍ 5 ላይ ሕጉ በፈቃዱ ለተናዘዘ ሰው የሚያዝዘው የወሰደውን መልሶ አምስተኛውን እጅ መጨመር ነው። ማንም ያላስገደደው ሰው ከሕጉ በብዙ አለፈ። ጸጋ ግድየለሽ ያደርጋል የሚል ሰው ዘኬዎስን ያስረዳኝ።

በእርግጥ ጸጋን ሽፋን አድርጎ በኃጢአቱ የሚመቻች ሰው አለ። የይሁዳ መልእክትም የእግዚአብሔርን ጸጋ በሴሰኝነት የሚለውጡ ሰዎች እንደነበሩ ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ጸጋ በዝቶባቸው አይደለም፣ ገና ስላልቀመሱት ነው።

አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ ይስማማሉ?

በመሠረቱ ላይ ይስማማሉ፣ አገላለጹ ላይ ይለያያሉ፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። መሠረቱ ሰው ያለ እግዚአብሔር ጸጋ ራሱን ማዳን አይችልም የሚለው ነው። በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፔላጊዮስ የተባለ አስተማሪ የሰው ፈቃድ ብቻውን ሊበቃ ይችላል ወደሚል ትምህርት ሲሄድ የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ተከራከረው፤ እ.ኤ.አ. በ418 የካርታጎ ጉባኤ፣ በ529 ደግሞ የኦራንዥ ጉባኤ ጸጋ እንደሚቀድም አጸኑ።

ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ ይለያያል። ፕሮቴስታንቶች ከማርቲን ሉተር ጀምሮ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ ነው ይላሉ። ካቶሊኮች በ1547 በትሬንት ጉባኤ ጸጋ እንደሚቀድም አስረግጠው፣ መጽደቅ ግን የውስጥ መታደስንም እንደሚጨምር አስተማሩ። ኦርቶዶክሶች መዳንን እንደ ፈውስና ከእግዚአብሔር ጋር እንደ መተባበር ያዩታል፤ ጥምቀትና ቅዱስ ቁርባን፣ ንስሐና ጾም ሰው ለጸጋው የሚሰጠው ምላሽና ጸጋው የሚደርስበት መንገድ ናቸው። ሉተራውያንና ካቶሊኮች ጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. አውግስቡርግ ላይ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፣ በኋላም ሜቶዲስቶች፣ አንግሊካኖችና ሪፎርምዶች (የካልቪንን መንገድ የሚከተሉት) ተቀላቅለዋል። ልዩነቱ ሁሉ አልተዘጋም። ግን "እኛ በጸጋ እነሱ በሥራ" ብሎ በአንድ ቃል መደምደም ለማንም ፍትሐዊ አይደለም።

እምነቴ ደካማ ቢሆንስ? ጥርጣሬ አለብኝ።

ማርቆስ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ብሎ ጮኸ። ኢየሱስ እምነትህ እስኪጠነክር ሄደህ ተመለስ አላለውም፣ ልጁን ፈወሰለት። የሚያድነው የእምነታችን ጥንካሬ ቢሆን ኖሮ እምነት ራሱ አንድ ሌላ ሥራ ይሆን ነበር፣ ደግሞም በራስ መለካት የማያልቅ። የሚያድነው ያመንነው እሱ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬያችሁን ደብቃችሁ ሳይሆን ይዛችሁ ኑ።

የሠራሁት በጣም ከባድ ነው፣ ደግሞም ረፈደ። ለእኔም ይሆናል?

ይሆናል። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ ለመጠመቅም፣ የወሰደውን ለመመለስም፣ አንድ መልካም ሥራ ለመሥራትም ጊዜ አልነበረውም። እጁም እግሩም ተይዟል። የቀረችው አንደበቱ ናት፣ በእሷ "አስበኝ" አለ። "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" ተባለ። ጳውሎስም ቤተ ክርስቲያንን ያሳደደ፣ እስጢፋኖስ ሲወገር ቆሞ ልብስ የጠበቀ ሰው ነው፤ ከኃጢአተኞች ዋና እኔ ነኝ ብሎ የጻፈው ትሕትና ለማሳየት ብቻ አይመስለኝም።

አንዳንዶች ይህ ዕድሜውን ሁሉ ለደከመ ሰው ፍትሕ አይደለም ይላሉ። ማቴዎስ 20 ላይ በወይኑ አትክልት ጠዋት የገቡት ሠራተኞችም ያሉት ይህንኑ ነው። ሊመሽ አንድ ሰዓት ሲቀረው የመጡት እኩል አንድ ዲናር ሲቀበሉ አዩ። ጌታው ግን የጠዋቶቹን ደመወዝ አልቀነሰም፣ የተስማሙበትን ሰጥቷቸዋል። የበዛው ለሌላው የሰጠው ነው። እዚህ ጋ የሚያመን የጎደለብን ነገር አለመሆኑን ልብ እንበል።

ከዳንኩ በኋላ ብወድቅስ?

ተናዘዙና ተነሡ። 1ኛ ዮሐንስ ይህንን የሚጽፈው ለአማኞች ነው፤ ኃጢአት እንዳታደርጉ ይላቸዋል፣ ማንም ኃጢአት ቢያደርግ ግን በአብ ዘንድ ጠበቃ አለን ይላል። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፣ ከትንሣኤው በኋላ ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" ተብሎ ተጠየቀና በጎቹ ተሰጡት። አማኝ መዳኑን ፈጽሞ ሊያጣ ይችላል ወይ በሚለው ላይ ክርስቲያኖች ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል፤ አንዱ ወገን በጎቼን ከእጄ ማንም አይነጥቃቸውም የሚለውን ዮሐንስ 10ን፣ ሌላው ቀምሰው ስለካዱት የሚያስጠነቅቀውን ዕብራውያን 6ን ይጠቅሳል። ክርክሩን እዚህ አልጨርሰውም። ወድቆ ልቡ የተሰበረ ሰው ግን ዮሐንስ 10ን፣ ወድቆ የተመቸው ሰው ዕብራውያን 6ን ቢያነብ ለሁለቱም መድኃኒት ነው።

አሁን ምን ላድርግ? ከየት ልጀምር?

ጸልዩ። ረጅም ጸሎት ካልመጣላችሁ የቀራጩን ጸሎት ውሰዱ፦ "አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ።" ሉቃስ 18 ላይ በሳምንት ሁለቴ የሚጾመውና አሥራት የሚያወጣው ፈሪሳዊ በዚያው ቤተ መቅደስ ቆሞ ነበር፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ይህችን ያለው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፣ ካህን ወይም መጋቢ አነጋግሩ፣ ካልተጠመቃችሁ ስለ ጥምቀት ጠይቁ። ብቻችሁን አትሁኑ።

ለንባብ ሉቃስ 15ን፣ 18ንና 19ን አስቀድሙ፣ ታሪክ ስለሆኑ ይቀላሉ። ከዚያ ሮሜን ከምዕራፍ 3 እስከ 8 ቀስ ብላችሁ። ሮሜ ከከበዳችሁ ገላትያን ያዙ። ስድስት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በአንድ መቀመጫ ያልቃል፣ ጳውሎስም ስለ ጸጋ እንደዚያ ተቆጥቶ የጻፈበት ሌላ መልእክት የለም።